ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ አባታችን ቮልስዋገን

አባታችን ከጡረታ አበላቸው ሌላ በዚህ ዓለም «ሀብቴ» የሚሉት ነገር ቢኖር፥ በ1972 ዓ.ም. በመቐለ ከተማ ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው የገዟት ቮልስዋገን ናት። መኪናዪቱ የተሠራችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ስለ ሆነ፥ ከአባታችን እጅ ስትገባም አዲስ አልነበረችም። እኛ ሳንወለድ ወደ ቤታችን የገባች በመሆኗ፥ በልጅነታችን እንደ ታላቅ እኅት እንቈጥራት ነበር። ቤተ ሰባችን በ1995 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፥ ከቤቱ ዕቃ ግማሹ ተሸጠ፤ እርሷ ግን አብራን መጣች።

ይህን የመሰለችው መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዪቱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003፥ በሐምሌ ወር፥ በሜክሲኮ አገር ፑኤብላ በተባለው ከተማ ከፋብሪካ ወጣች። ሞቶሯ ከኋላ መሆኑን፥ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ባትሪዋ ያለበትን ስፍራ ነው። ባትሪዋ የሚገኘው ከኋለኛው ወንበር ሥር፥ በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ በቀኝ በኩል የሚቀመጥ እንግዳ ሳያውቀው የሚቀመጠው ከባትሪ በላይ ነው። ወንበሩ ከሥሩ የብረት ሞላ አለበት፤ ከሞላው በላይም እንደ ቃጫ ያለ፥ እሳት ሲነካው ቶሎ የሚይዝ ደረቅ ነገር ተሞልቶበታል። ፋብሪካው ይህን ዐውቆ ለባትሪው ክዳን አበጅቶለታል። ክዳኑ የሌለ እንደ ሆነ፥ ወይም ባትሪው ከልኩ የረዘመ እንደ ሆነ፥ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ሞላው ወርዶ የባትሪውን ራስ ይነካል፤ ከዚያም ይግላል፤ ቀጥሎም ያቃጥላል።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ከሰርግ ቤት ስንመለስ የደረሰብን ይኸው ነው። መሪውን የያዝነው እኛ ነበርን። አባታችን ከጎናችን፥ የ6 ዓመት ልጃችንና ከአገር ቤት የመጡት አጎታችን ደግሞ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። አጎታችን ወፍራም ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው በቀኝ በኩል ተመቻችተዋል። ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ ስንመጣ መኪናዪቱ ከአንድ ጕድጓድ ገብታ ነጠረች። ጥቂት እንደ ሄድን ልጃችን፥ «አባዬ፥ የተቃጠለ ነገር ይሸታል» አለች። እኛም በመንገድ ዳር ቈሻሻ የሚያቃጥሉ ሰዎች ያሉ መስሎን ዝም አልን። ዳግመኛ ስትናገር በመስተዋቱ ብንመለከት፥ ከአጎታችን ጋቢ ሥር ቀጭን ጢስ ሲወጣ አየን።

መኪናዪቱን እንዴት እንዳቆምናት አናስታውስም። ቮልስዋገን ለኋላ ተቀማጮች በር የላትም፤ መውጫው የፊቱን ወንበር አጥፎ ነው። አባታችን ልጃችንን ጎትተው አወጧት። አጎታችን ግን እስኪወጡ ድረስ ያለፈው ጊዜ፥ በሰዓት ቢለካ አንድ ደቂቃ ባይሞላም፥ ለእኛ እንደ አንድ ሌሊት ረዘመብን። ወንበሩን ፈንቅለን ከመንገድ ዳር ስንጥለው ሥሩ እየጤሰ ነበር። በአቅራቢያው ቡና የምትሸጥ አንዲት ሴት የሲኒ ማጠቢያ ውሃዋን በባልዲ ይዛ እየሮጠች መጥታ ደፋችበት። በዚህ ዓይነት እሳቱ ሳይነድ ቀረ። አጎታችን በጋቢያቸው ላይ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አይተው፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጋቢ እንደ ሆነ ይሸመናል» አሉ።

በዚያው ምሽት በቤታችን ሸንጎ ተቀመጠ። ታላቅ እኅታችን፥ «ይህች መኪና ሰው ሳትገድል ትሸጥ» ብላ ፈረደች። ባለቤታችን ምንም አልተናገረችም፤ ነገር ግን ልጃችንን ታቅፋ ዝም ማለቷ ከንግግር ይልቅ ይከብድ ነበር። አባታችን ብዙ ካሰቡ በኋላ፥ «እውነቷን ነው፤ ሽቦው አርጅቷል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ትሸጥ» አሉ።

እኛ ግን ጥፋቱ የሽቦው አለመሆኑን እናውቅ ነበር። ከዚያ ቀን ሦስት ወር ያህል አስቀድሞ የፊተኛው ባትሪ ስለ ሞተ፥ ሌላ ለመግዛት ሱማሌ ተራ ሄደን ነበር። የአባታችን መኪና የምትሠራው እንደ ዛሬዎቹ መኪናዎች በ12 ቮልት ሳይሆን በ6 ቮልት ስለ ሆነ ባትሪዋ በቀላሉ አይገኝም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኘነው ከልኩ ሁለት ጣት የሚረዝም ነበር። ሻጩ፥ «ያው ነው» አለን፤ እኛም ደክሞን ስለ ነበረ «ያው ነው» ብለን ተቀበልን። ከቤት ወስደን ስናስገባው ክዳኑ አልገጥም አለ። ክዳኑን ከዕቃ ቤት አኑረን፥ ልኩን ባትሪ በሌላ ጊዜ እንፈልጋለን አልን። የመሥሪያ ቤት ሰው ልማድ ሆኖብን ጉዳዩን «በሚቀጥለው ሳምንት» በሚባለው መዝገብ ውስጥ አስገባነው፤ ከዚያ መዝገብ ውስጥ የገባ ጉዳይ ደግሞ እንዴት እንደሚወጣ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ።

አባታችን ሽቦውንና ዕድሜያቸውን ሲከሱ ዝም ብለን ብንሰማ ማንም አያውቅብንም ነበር። መኪናዪቱ ትሸጣለች፤ ነገሩም ይረሳል። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ባላጠፉት ጥፋት የሚወዱትን ሲለቁ ቁጭ ብሎ ማየት ከበደን። ተነሥተን ክዳኑን ከዕቃ ቤት አመጣንና ከፊታቸው አኖርነው፤ የሆነውንም ሁሉ ነገርናቸው። እኅታችን ተቈጣች፤ ባለቤታችን ቀና ብላ አየችንና እንደ ገና አቀረቀረች። አባታችን ግን ክዳኑን አንሥተው አቧራውን በእጃቸው ከጠረጉ በኋላ፥ «ባትሪው መርዘሙ ስሕተት ነው፤ ክዳኑን መደበቅህ ግን ስሕተት አይደለም፤ ሌላ ስም አለው» አሉን። ጥቂት ቈይተውም፥ «በደንብ ሳትበጅ ልጅቱ አትገባባትም። ከተበጀች በኋላ ስለ መሸጡ እንነጋገራለን» አሉ።

በማግሥቱ በሰፈራችን ያለውን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራነው። ሁሉን ከተመለከተ በኋላ ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛው፥ ልኩ የሆነ ባትሪ ተፈልጎ በማሰሪያው ታስሮ ክዳኑ እንዲመለስ ነው። ሁለተኛው፥ ባትሪውን ከመኪናው በአንድ ጊዜ የሚለያይ ማጥፊያ እንዲገባ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ጥቂት ጣልቃ ብናስገባ አንባቢዎቻችን ይቅር ይሉናል። እኛ አማርኛን የተማርነው በትምህርት ቤት ነው፤ በቤታችን የሚነገረው ትግርኛ ነበር። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ድርሰታችንን በቀይ ቀለም አልብሰው ሲመልሱልን፥ ይህ ቋንቋ መቼም አይገባን ብለን ተስፋ እንቈርጥ ነበር። ጋራዥ ስንገባ ግን መማር ያላስፈለገንን አማርኛ አገኘን። ሞቶሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ፥ የባትሪውን ራስ የሚጨብጠው ሞርሴቶ፥ ወፍራሙ ሽቦ ካቮ፥ የመኪናው ብረት እንደ መመለሻ ሽቦ ሆኖ ሲያገለግል ደግሞ ማሳ ይባላል። እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ በትግርኛም በአማርኛም ያው ናቸው። አሁን የምንናገርለትም ዕቃ በኢጣልያንኛ «ስታካባቴሪያ» ይባላል፤ ትርጓሜው «ባትሪ ማላቀቂያ» ማለት ነው። ሠራተኛው «የባትሪ ማጥፊያ» ስላለው እኛም እንዲሁ ብለን እንጽፋለን።

ማጥፊያው አሠራሩ ቀላል ነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ተነሥቶ ወደ ማሳ የሚሄደው ካቮ ከመካከሉ ተለይቶ፥ ሁለቱ ጫፎች በማጥፊያው ሁለት ቡሎኖች ላይ ይታሰራሉ። ቁልፉ ሲዞር በውስጡ ያሉት መዳቦች ይገናኛሉ ወይም ይለያያሉ። በተለያዩ ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚመለስበት መንገድ የለውምና መብራቱም ጥሩምባውም ሞተሪኖውም በአንድ ላይ ዝም ይላሉ። ይህም ለአሮጌ መኪና የበለጠ ያስፈልጋል፤ በዚህች ቮልስዋገን ውስጥ ወደ ሞቶሩ መክፈቻ የሚሄደው ዋናው ሽቦ ፊውዝ የለበትም፤ ከ60 ዓመት በኋላ ሽፋኑ ቢላጥና ብረት ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም።

ማጥፊያው ለምን በፖዘቲቩ በኩል አልሆነም ያልን እንደ ሆነ፥ ሠራተኛው መልሱን በቁልፍ አሳየን። በ13 ቁጥር ቁልፍ የፖዘቲቩን ሞርሴቶ ሲፈቱ ቁልፉ በስሕተት የመኪናውን ብረት ቢነካ፥ ብረቱ ራሱ ማሳ ስለ ሆነ እሳት ይረጫል። የኔጋቲቩን ሲፈቱ ግን ቁልፉ ብረቱን ቢነካ ማሳ ማሳን ነካ እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። ስለዚህ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጋቲቩ ይከተላል። ይህች አንዲት ደንብ ብቻ ብትታወቅ ብዙ እጅ ከመቃጠል ይድናል።

ሥራው ሊጀመር ሲል አባታችን ተቃወሙ። ማጥፊያው ወንበር ሳይነሣ በእጅ እንዲደረስበት ከተፈለገ፥ ከኋለኛው ወንበር ፊት ባለው ብረት ላይ ቀዳዳ መብሳት ያስፈልግ ነበር። አባታችን፥ «ፋብሪካው ያልበሳውን እኔ አላስበሳም» አሉ። ብዙ ለመንናቸው፤ እንቢ አሉ። ሠራተኛው ነገሩ እስኪበርድ ድረስ ሌላ ሥራ ይዞ፥ ሁሉ ነገር በጠፋበት ሰዓት መለኪያውን በኔጋቲቩ ራስና በካቮው መካከል አስገባ። መለኪያው 0.05 አምፔር አሳየ። ይህ በቀን 1.2፥ በ30 ቀን 36 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 66 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቆሞ እያለ በአንድ ወር ውስጥ ከግማሽ በላይ ይፈስሳል ማለት ነው። የእኛ መኪና ደግሞ ከእሑድ እስከ እሑድ፥ አንዳንድ ጊዜም ወር ሙሉ የምትቆም ናት። የፊተኛው ባትሪ ለምን እንደ ሞተ ያን ጊዜ ገባን።

ሠራተኛው እየፈለገ ከመሪው አጠገብ ካለው ገበታ ኋላ እጁን ሰዶ፥ በጨርቅ ፕላስተር የተጠቀለለ አንድ ቀይ ሽቦ አወጣ። ፕላስተሩ ደርቆ ረግፏል፤ የሽቦው ጫፍ ዝገት ከያዘ ብረት ላይ ተጋድሟል። «ይህ የፋብሪካ ሽቦ አይደለም» አለ። አባታችን ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «የራዲዮ ነው» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ መኪናዪቱን በገዙ በሁለተኛው ዓመት በመንገድ ላይ ዜና ለመስማት ፈልገው፥ ከገበታው በታች ያለውን ብረት በገዛ እጃቸው በስተው ራዲዮ አስገብተው ነበር። ራዲዮው ተበላሽቶ ከወጣ በኋላ፥ ቀዳዳዎቹን በመኪናዪቱ ቀለም ደፍነው ሽቦውን ጠቅልለው ተዉት። አርባ ዓመት ያህል «ፋብሪካው እንደ ሠራት ናት» ሲሉን የኖሩት ይህን እያወቁ ነው።

እኛ አንድ ቃል አልተናገርንም። ከሁለት ቀን በፊት ክዳን ያመጣን ሰዎች ስለ ሽቦ ለመናገር አፍ አልነበረንም። አባታችን ራሳቸው እየሣቁ ወደ ሠራተኛው ዘወር ብለው፥ «እንግዲህ ብሳው ልጄ፤ የተበሳች ናት» አሉ።

ሠራተኛው ከመብሳቱ በፊት ከብረቱ ኋላ ሽቦም ቧንቧም አለመኖሩን በእጁ ዳሰሰ፤ በዚህች መኪና የቤንዚኑ ቧንቧ በመካከለኛው ጕብታ ውስጥ ስለሚያልፍ ከዚያ መራቅ ይገባል። ቀዳዳውን ከበሳም በኋላ የተላጠውን ጠርዝ ዝገት እንዳይበላው ቀለም ቀባው።

ሥራው ግን በዚህ አላበቃም። ገንዘብ ለመቈጠብ ብለን የገዛነው ማጥፊያ ትንሽና ርካሽ ነበር። ገጥመን ሞቶሩን ብናስነሣ፥ ሞተሪኖው ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ አቃሰተ፤ ማጥፊያውንም ብንነካው እንደ ሻይ ብርጭቆ ግሎ ነበር። ምክንያቱን ሠራተኛው በቀላል ሒሳብ አስረዳን። 36 ዋት የሚበላ አምፖል በ12 ቮልት 3 አምፔር ሲፈልግ፥ በ6 ቮልት 6 አምፔር ይፈልጋል። ሞተሪኖውም እንዲሁ ነው። ቮልቱ በግማሽ ሲያንስ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በእጥፍ ይበዛል፤ መንገዱም ያንኑ ያህል መስፋት አለበት። ደግሞም ማጥፊያው ግማሽ ቮልት ቢያስቀር፥ ለ12 ቮልት መኪና ከ24 አንዱ እጅ ሲሆን፥ ለ6 ቮልት መኪና ከ12 አንዱ እጅ ነው። ስለዚህ ለጭነት መኪና የሚሆነውን ከባዱን ማጥፊያና ወፍራሙን ካቮ ገዝተን፥ የሚገናኙትን ብረቶች ሁሉ እስኪያበሩ ፍቀን አሰርናቸው። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ዞሮ ሞቶሩ ተነሣ። ልኩ የሆነውም ባትሪ በሱማሌ ተራ ሁለት ቀን ተዙሮ ተገኘ፤ ክዳኑም ወደ ስፍራው ተመለሰ።

ይህን የመሰለ ሥራ ለማሠራት የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ሁለት ነገር እናሳስበዋለን። ፊተኛው፥ ማጥፊያው ክዳንን አይተካም። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ማጥፊያው ኤሌክትሪኩን እንዳገናኘ ነው፤ የወንበሩ ሞላም የባትሪውን ሁለት ራሶች በአንድነት ቢነካ ማጥፊያው ቢዞርም አያድንም። ሁለተኛው፥ ሞቶሩ እየሠራ ማጥፊያው አይዞርም። ዲናሞው እየዞረ ባትሪው ሲለየው ቮልቱ ልጓም እንደ ሌለው ፈረስ ይሆንና አምፖሎቹን ሊያቃጥል ይችላል፤ ሞቶሩም ከዲናሞው ኤሌክትሪክ እየወሰደ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሞቶሩ በመክፈቻው ይጠፋል፤ ከዚያም ማጥፊያው ይዞራል።

ማጥፊያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስናዞር የሚስዮን ትምህርት ቤታችን ትዝ አለን። በዚያ የኤሌክትሪክ መሥመር ስላልነበረ መብራት የምናገኘው ከጄኔራተር ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ተረኛው ተማሪ ዋናውን ማጥፊያ ዝቅ ያደርጋል፤ ጊቢው በሙሉ በአንድ እጅ ይጨልማል። ተራችን ሲደርስ ያን ብረት ለመንካት እንፈራ ነበር። መምህራችንም፥ ማጥፊያውን ከማውረድህ በፊት በየክፍሉ ዞረህ ማን ምን እያደረገ እንደ ሆነ እይ፤ ካወረድህም በኋላ ለአለቃው ሄደህ ተናገር ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ስለ መብራት ብቻ ይመስለን ነበር። ክዳኑን ከዕቃ ቤት በደበቅንበት ቀን ይህን ትምህርት አስታውሰን ቢሆን፥ የአጎታችን ጋቢ ባልተበሳ ነበር።

ስለ መሸጡ የተባለው ንግግር እስከ ዛሬ አልተነሣም። እሑድ ማታ መኪናዪቱ ከገባች በኋላ ልጃችን ቀዩን ቁልፍ አዙራ ትነቅልና ወደ አያቷ ትወስደዋለች፤ እርሳቸውም «ጠፋ?» ብለው ይጠይቋታል፤ «ጠፋ፥ አቦይ» ትላለች፤ ቁልፉም ከመነጽራቸው አጠገብ ያድራል። ባለቤታችን በመጀመሪያዎቹ እሑዶች ራሷ ወርዳ ክዳኑን ታይ ነበር። አሁን ትታዋለች፤ እኛ ግን ስለ እርሷ እናያለን።

አጎታችን በፋሲካ እንደ ገና መጥተው ነበር። ከመኪናዪቱ ሲደርሱ ቆሙና ወንበሩን በበትራቸው ጫፍ ጫን ጫን አድርገው፥ «ያ ያመጣችሁት ነገር ተዘግቷል?» ሲሉ ጠየቁ። አባታችንም፥ «እርሱ ከተዘጋማ በእግር ነው የምንሄደው፤ ግባ» አሏቸው። አጎታችንም ሣቁ፤ አዲሱን ጋቢያቸውን ሰብስበው፥ ከዚያው ከቀኙ ስፍራ ተቀመጡ።